የውሻ ማይክሮቺፕ ደሴ ላለ ባለቤት ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ደሴ፣ ጢጣ አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ያለፈው ወንድ ውሻ አለኝ። ባለፈው ክረምት በአጥር ሾልኮ ወጣና ጠፋ፤ ከቀናት በኋላ ሌላ ሰፈር፣ ሰው ግቢ ውስጥ ታስሮ አገኘሁት። ያሰረው ሰው ‹ከቡችላነቱ ያሳደግሁት ነው› ብሎ ስለተከራከረኝ ውሻዬ የተመለሰልኝ በሽማግሌዎች ነው። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ ‹ቆዳው ሥር ቺፕ አስቀብርለት፤ ያለበትን ቦታ በስልክህ ታያለህ› ይለኛል። እውነት ነው? ውሻውን አይጎዳውም? እኛ አካባቢስ ይሠራል? ልጄም ወደ አጎቷ ስትሄድ ውሻውን ይዛው ለመሄድ ታስባለች። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዘንድሮ ተከትቧል።»

ምላሽ፦ ወንድምዎ የነገሩዎት ግማሹ ትክክል ነው። ቺፑ ቆዳ ሥር የሚቀበር መሆኑ፣ ጀርመንን ጨምሮ በብዙ አገሮችም የጠፉ ውሾች ለባለቤቶቻቸው የሚመለሱት በእርሱ አማካይነት መሆኑ እውነት ነው። ውሻው ያለበትን ቦታ በስልክ ያሳያል የሚለው ግን ከሌላ መሣሪያ ጋር የተቀላቀለ ወሬ ነው፤ ምንም ያህል ዘመናዊና ውድ ቺፕ ቢገዙ ይህን አያደርግልዎትም፤ ምክንያቱም አሠራሩ አይፈቅድም።

ማይክሮቺፕ ከገብስ ፍሬ ጥቂት የሚረዝም፣ ብዙውን ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ከሰውነት ጋር በሚስማማ መስታወት የታሸገ ዕቃ ነው። በውስጡ አንድ ቁጥር የተመዘገበበት ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍልና የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይገኛል። ባትሪ የለውም፤ ውሻው በሕይወት እስካለ ድረስ ሳይቀየር ሊኖር የሚችለውም ለዚህ ነው። ማንበቢያ መሣሪያው ወደ ውሻው ሲጠጋ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ የሚርገበገብ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ የመዳቡ ሽቦ ከዚህ መስክ ለቅጽበት የሚበቃውን ኃይል ይወስድና ቺፑ ቁጥሩን መልሶ ይልካል። መሣሪያው ራቅ ሲል ሁሉም ነገር ይቆማል። ይህ የሚሆነው በጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ርቀት ውስጥ ስለሆነ፣ ውሻዎ ቦሩ ሜዳ ደርሶ ቢሆን ጢጣ የተቀመጠ ሰው ከቺፑ ምንም ሊያውቅ አይችልም። የእጅ ስልክዎን ውሻው ትከሻ ላይ ቢያስጠጉትም አያነበውም፤ በስልኮች ውስጥ ያለው የቅርብ ርቀት ማንበቢያ የሚሠራው በ13.56 ሜጋ ኸርዝ ስለሆነ ሁለቱ አይግባቡም።

ቦታ የሚያሳየው መሣሪያ ከአንገት ማሰሪያ ጋር የሚታሰረው የጂፒኤስ መከታተያ ነው። እርሱ ከሳተላይት ያገኘውን የቦታ መረጃ በሞባይል ኔትወርክ ወደ ስልክ ስለሚልክ ሲም ካርድ፣ የማያቋርጥ ሂሳብና በየጊዜው መሞላት ያለበት ባትሪ ይፈልጋል፤ ኔትወርክ የማይደርስበት ገደል ሥር ከገባም ዝም ይላል። ውሻውን የሚሰርቅ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ አውልቆ የሚጥለው ይህንኑ ነው። እኔ ለግቢ ጠባቂ ውሻ አልመክረውም፤ ወጪውም ጣጣውም ይበዛል።

ወደ ቺፑ ልመለስና፣ በውስጡ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የእርስዎ ስም፣ አድራሻም ሆነ የስልክ ቁጥር አይጻፍበትም። አይሶ 11784 እና 11785 በሚባሉት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት የተሠራ ቺፕ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የአገር መለያ ወይም የአምራቹ መለያ ናቸው፤ የአምራች መለያ ከሆኑ በ9 ይጀምራሉ። 999 ለሙከራ የተተወ መለያ ስለሆነ በዚህ የሚጀምር ቺፕ ሊቀበሉ አይገባም። ከደረጃው ውጭ የሆኑ በ125 እና በ128 ኪሎ ኸርዝ የሚሠሩ የቆዩ ዓይነቶችም በተለይ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተሸጠዋል፤ በርካሽ ተገኘ ተብሎ የሚመጣ ቺፕ ከእነዚህ አለመሆኑን ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ወደ ባለቤቱ ስም የሚለውጠው ሌላ ቦታ ያለ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ከሌለ፣ ወይም ስልክዎን ቀይረው መዝገቡን ካላደሱት፣ 15ቱ አኃዞች ለማንም ምንም አይነግሩም።

ይህን ካልኩ በኋላ የእርስዎን ክርክር እንመልከት፤ ቺፑ በእኛ አካባቢ ከሁሉ ይበልጥ ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በወሎ፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት፣ ውሻ የሚኖረው በአብዛኛው በግቢ ጠባቂነት ነው፤ ሌሊት ይፈታል፣ አጥር ይዘላል፣ የጎረቤት ፍርፋሪም ይቀምሳል። በዚህ ምክንያት «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሽማግሌዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት ሁለቱም ሰዎች ውሻውን እንዲጠሩት አድርጎ ወደ ማን እንደሚሄድ ማየት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላልና፣ ቀናት ሙሉ ሌላ ሰው ሲያበላው የቆየ እንስሳ ወደዚያኛውም ጅራቱን እየቆላ ቢሄድ አይደንቅም፤ ፈተናው ምስክርነቱ ደካማ ነው። የሕግ ባለሙያ ባልሆንም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1193 ተንቀሳቃሽ ነገርን በእጁ ያደረገ ሰው ባለሀብቱ እንደሆነ ይገመታል የሚል ድንጋጌ መያዙን ማወቅ ይጠቅማል። ውሻውም በዚህ ዓይን የሚታይ ንብረት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከሽማግሌ አልፎ ፍርድ ቤት ቢደርስ ኖሮ ውሻውን አስሮ የያዘው ሰው በግምቱ ይጠቀም ነበር፤ ግምቱን የማፍረሱ ሸክም በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ከመጥፋቱ በፊት ባለ ቀን፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ በእርስዎ ስም የተመዘገበ የቺፕ ቁጥር ቢኖርና ያው ቁጥር ከውሻው ገላ ላይ ሲነበብ ሽማግሌዎቹ ቢያዩት፣ ክርክሩ በዚያው ባበቃ ነበር።

በሌላ በኩል ይኸው ማስረጃ ባለቤቱንም እንደሚያስር መዘንጋት የለበትም። የዚሁ ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ያደረሰው ጉዳት ቢሆንም እንኳ። ውሻቸው ሰው ሲነክስ «የእኛ አይደለም» ብለው የሚክዱ ሰዎች ባሉበት አገር፣ ውሻውን በስሜ አስመዝግቡልኝ ማለት ይህንንም ኃላፊነት በግልጽ መቀበል ነው። እኔ በበጎ ነው የማየው።

እንግዲህ ቺፑ እንዲሠራ ሁለት ነገሮች አብረውት መኖር አለባቸው፤ የሚያነበው መሣሪያና የተመዘገበበት ቦታ። እንግሊዝ ውስጥ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ8 ሳምንት በላይ የሆኑ ውሾች ሁሉ ቺፕ እንዲኖራቸው በሕግ ተገድዷል፤ የጠፋ ውሻ የሚያርፍባቸው መጠለያዎችና ክሊኒኮችም ማንበቢያ አላቸው። በደሴና በኮምቦልቻ በማውቃቸው የእንስሳት ክሊኒኮች ግን ይህ መሣሪያ የተለመደ ዕቃ አይደለም፤ ውሻዎን መንገድ ላይ ያገኘ ደግ ሰው «ቺፕ ይኖረው ይሆን» ብሎ ወደ ክሊኒክ ይወስደዋል ብሎ መጠበቅም ዛሬ ተስፋን ማብዛት ነው። መሣሪያውን የት ማግኘት እንደሚቻል ለማጣራት ደሴ ያለውን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትንና የኮምቦልቻውን የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ በቅድሚያ ቢጠይቁ መልካም ነው። ቺፑን የሚቀብርልዎት ባለሙያ ግን የራሱ ማንበቢያ ሊኖረው ግድ ነው፤ ማንበቢያ ሳይኖረው ቺፕ እቀብራለሁ የሚል ሰው ሥራውን ማረጋገጥ የማይችል ሰው ነውና ውሻዎን አይስጡት።

ከዚህ የተነሣ፣ ጢጣ ለሚኖር ውሻ በመጀመሪያ የምመክረው ርካሽ የሆነውንና በዓይን የሚታየውን ነው። ጠንካራ የአንገት ማሰሪያ ይግዙ ወይም ቆዳ ለሚሠራ ሰው ያሠሩ፤ ማኅተም ቀራጭ ዘንድ ሄደው በትንሽ የብረት ሳህን ላይ የስልክ ቁጥርዎን ያስቀርጹና ይስፉበት። በአንገቱና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት የሚገባ ይሁን፤ ከዚህ ከጠበቀ ያቆስላል፣ ከላላ ደግሞ አጥር ላይ ይያዛል ወይም ይወልቃል። ገና እያደገ ያለ ውሻ ከሆነ በየወሩ ይፈትሹት፤ ቡችላ ሳለ የታሰረ ገመድ ሥጋ ውስጥ ገብቶ የሚመጡልን ውሾች ጥቂት አይደሉም። ስልክ ቁጥሩን ያየ ማንኛውም ሰው ያለ ምንም መሣሪያ ሊደውልልዎት ይችላል። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማስወገድ ዘመቻ በሚካሄድበት ጊዜም ከሩቅ የሚታየው ማሰሪያው ነው፤ መርዝ የያዘ ሠራተኛ ቺፕ አይፈልግም። ከዚህ ጋር የውሻውን ፊት፣ ሁለቱንም ጎኖቹን፣ ደረቱንና ልዩ ምልክቱን ለምሳሌ ነጭ እግር፣ የተቀደደ ጆሮ ወይም ጠባሳ የሚያሳዩ ፎቶዎች አንሥተው ቀናቸውን ሳይለውጡ ያስቀምጡ፤ ቢያንስ በአንዱ ላይ እርስዎ ወይም ልጅዎ አብራችሁት ብትታዩ ለክርክር ጊዜ ይበጃል። የክትባት ደብተሩ ላይም የውሻው ቀለም፣ ጾታ፣ ዕድሜና ምልክት በትክክል እንዲሞላ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ «ውሻ፣ ቡናማ» ብቻ ተብሎ የተሞላ ደብተር ለደሴ ግማሽ ውሾች ይሆናል። ቺፑ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ፣ ማሰሪያው ሲወልቅ ወይም ሆን ተብሎ ሲወለቅ የሚቀር ማስረጃ ነው።

«አይጎዳውም?» ላሉት፣ በአጠቃላይ አይጎዳውም። ቺፑ የሚገባው ለክትባት ከምንጠቀምበት መርፌ ወፈር ባለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግልና ከቺፑ ጋር ታሽጎ በሚመጣ መርፌ ነው፤ ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ ውሻው ለቅጽበት ሊያቃስት ይችላል። የተለመደው ቦታ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ያለው ልል ቆዳ ሥር ሲሆን፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ የአንገት ግራ ጎን ይመረጣል። ትንሽ መድማት ወይም እብጠት ሊኖር ይችላል፤ ቶሎ ይጠፋል። ቁስሉ ሳይገጥም ቺፑ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ቦታውን ለአንድ ቀን ያህል አለማሸትና ውሻውን አለማጠብ ይበቃል። አንዳንድ ቺፕ ከጊዜ በኋላ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ትከሻ ወይም ወደ ደረት ይወርዳል፤ ይህ ጉዳት የለውም፣ ማንበቢያውን የያዘው ሰው ግን ትከሻውን ብቻ ነክቶ «የለም» እንዳይል ጎኖቹን፣ ደረቱንና የፊት እግሮቹን ላይ ቀስ ብሎ ማዳረስ አለበት። ካንሰር ያመጣል የሚለው ፍርሃት የመነጨው በዋናነት በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ከታዩ ዕጢዎች ነው፤ በውሾች ላይ የተዘገቡት እጅግ ጥቂት ናቸው፣ ቺፕ ከተቀበረላቸው ውሾች ብዛት አንጻርም የሚያሳስቡ አይደሉም። በእውነት የሚያስፈራው ያልሠለጠነ እጅ ነው፤ መርፌው በትንንሽ ውሾች ላይ ከቆዳ አልፎ ጠልቆ ገብቶ ሰረሰርን የጎዳበት አጋጣሚ በሙያው ጽሑፎች ተመዝግቧል። ትኩሳት ያለበት፣ ወይም መርፌው በሚገባበት ቦታ እከክ ወይም ቁስል ያለበት ውሻ እስኪድን ይቆይ።

የሚያስቀብሩ ከሆነ በሐኪሙ ፊት እንዲህ እንዲሆን ይጠይቁ። በመጀመሪያ ውሻው ቀድሞ ቺፕ የሌለው መሆኑ በማንበቢያ ይረጋገጥ፤ ከዚያ ቺፑ ገና ማሸጊያው ውስጥ ሳለ ተነብቦ ቁጥሩ በማሸጊያው ላይ ካለው ተለጣፊ ጋር አንድ መሆኑ ይታይ፤ ከተቀበረ በኋላም ከውሻው ገላ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ይነበብ። ተለጣፊዎቹ ብዙ ናቸውና አንዱ በክትባት ደብተሩ ላይ፣ አንዱ በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ይለጠፍ፤ ቀኑ፣ የተቀበረበት ቦታና የሐኪሙ ፊርማ አብሮ ይስፈር። ዋጋውን ሲጠይቁ ምዝገባን ይጨምር እንደሆነ፣ ከጨመረም በየትኛው መዝገብ እንደሆነ ያጣሩ። የጀርመኑ ታሶ የተባለው የእንስሳት መዝገብ በነፃ ይመዘግባል፤ ልጅዎ ውሻውን ይዛ ከደረሰች በኋላ ቁጥሩን በስሟና በጀርመን አድራሻዋ ልታስገባው ትችላለች።

ወደ ጉዞው ከመሄዴ በፊት ስለ እብድ ውሻ በሽታ አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ አካባቢ የውሻን ማንነት ማወቅ ከንብረት ጉዳይ የሚያልፈው በዚህ ነው። ሰው ሲነከስ ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ሰውየውም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ ጠበልም ይሁን የመድኃኒት ዕፅ ይህንን የሚያዘገይ ሊሆን አይገባም። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የሚጠይቀው ውሻው የቱ እንደሆነ፣ መከተቡንና ታስሮ ለ10 ቀን ሊታይ መቻሉን ነው። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ቡናማ ሲሆኑ «ያ የተከተበው ነው» የሚል ቃል ምንም አያረጋግጥም፤ የተለየ ቁጥርና ከእርሱ ጋር የታሰረ የክትባት ቀን ግን ያረጋግጣል። በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ ተራሮች ለቀሩት ጥቂት ቀይ ቀበሮዎችም ከውሻ የሚሻገረው ይኸው በሽታ ከባድ ሥጋት በመሆኑ፣ በደጋው ያሉ ውሾችን ለይቶ መከተብ ለዱር አራዊቱም ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ሐሳብ፤ በእርስዎ ጉዳይ ላይ ብዙ ገንዘብና ጊዜ ሊያስከስር የሚችለው ቅደም ተከተሉ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ወደ ጀርመን የሚገባ ውሻ በቅድሚያ ቺፕ ይቀበርለታል፤ የእብድ ውሻ ክትባቱ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ወይም በዚያው ዕለት ቺፑ ከተነበበ በኋላ የተሰጠ እንደሆነ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቁጥር የሌለው ውሻ ሲከተብ የተከተበው ያው ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥ የለም። ስለዚህ የእርስዎ ውሻ ዘንድሮ የወሰደው ክትባት ጢጣ ላይ ይጠብቀዋል፣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ግን እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ቺፑ ከተቀበረ በኋላ እንደገና መከተብ ይኖርበታል፤ ደግሞ መከተቡ አይጎዳውም። ሁለተኛውን ክትባት ሲያስከትቡ የብልቃጡን ጽሑፍ ሐኪሙ ያንብብልዎት፤ ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የተሠራ ክትባት በኅብረቱ ዘንድ ተቀባይነት የለውም፣ የሞተ ቫይረስ ወይም በዘመናዊ የዘረመል ዘዴ የተሠራ መሆን አለበት። የክትባቱ ስምና የምርት ቁጥር በደብተሩ ላይ ከቺፑ ቁጥር ጎን ይጻፍ።

ኢትዮጵያ ኅብረቱ ቀለል ያለ ሥርዓት ከፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች የደም ምርመራም ይጨመራል። ደሙ የሚወሰደው ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ሲሆን፣ ኅብረቱ ዕውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ተመርምሮ በደሙ ውስጥ ያሉት በሽታውን የሚከላከሉ አካላት (አንቲቦዲ) መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒትና ከዚያ በላይ ሆኖ መገኘት አለበት። ደሙ ከተወሰደበት ቀን አንሥቶ ደግሞ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። ደሙ ሲወሰድም ቺፑ ተነብቦ ቁጥሩ በናሙናው ወረቀት ላይ መስፈር አለበት፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ውጤቱ የሌላ ውሻ ይሆናል። በመጨረሻ ከመግቢያው ቀን በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የተፈረመ የጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ልጅዎ ምናልባት አሜሪካን ብትመርጥ መንገዱ የተለየ ነው፤ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቺፕ ያለውና ቢያንስ 6 ወር የሞላው መሆን አለበት፤ ኢትዮጵያም በከፍተኛ ሥጋት ዝርዝር ውስጥ ስላለች ተጨማሪ ሰነድ ይጠየቃል።

በእርስዎ የቀን መቁጠሪያ ብናሰላው፣ ውሻው ጥቅምት 1 ቀን ቺፑን አስቀብሮ በዚያው ዕለት ቢከተብ፣ ደሙ ከኅዳር 1 ጀምሮ ሊወሰድ ይችላል፣ ጉዞውም ከየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት በፊት አይሆንም። ልጅዎ ከዚያ ዘግይታ ብትሄድ ችግር የለውም፤ ክትባቱ የሚያበቃበት ቀን ከማለፉ በፊት እየታደሰ ከቀጠለ የደም ምርመራው እንደገና አይጠየቅም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢታደስ ግን ሁሉም ከደም ናሙናው ጀምሮ ይደገማል፤ ስለዚህ ቺፑ በተቀበረበት ዕለት የሚቀጥለውን የክትባት ቀን በደብተሩ ሽፋን ላይ ጎላ አድርገው ያስጽፉት።